ቮልስን በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ከሻንሲው እስከ ቀለሙ

ጤነኛ ቮልስ መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተው ሳለ በሩ እሺ ብሎ አይዘጋም፤ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ስለሚያጣ በሩን መልሶ ይገፋዋል። ያለ ምንም ተቃውሞ ገጭ ብሎ ከተዘጋ ከወለሉ ወይም ከበሩ ሥር አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። በሩን ለመዝጋት በእጅ ወደ ላይ ማንሳት ካስፈለገ ደግሞ፣ ማጠፊያው አልቆ ካልሆነ በቀር፣ ቦዲው ከመሃሉ ወርዷል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ አሮጌ ቮልስ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ሻንሲውና ቦዲው እንዴት እንደሚታደስ ያስረዳል፤ ስለ ሞተሩ አያነሣም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምመለስበት መለኪያ ግን ያው በሩ ነው።

ቮልስን ለግቢ ሥራ የሚያመቸው አሠራሩ ነው። መኪናው በሁለት ይከፈላል፤ ከታች በመሃሉ እንደ ጀርባ አጥንት የሚሄድ ቱቦና በግራና በቀኙ የተበየደ ወለል ያለው ሻንሲ አለ፣ ከላይ ደግሞ በቡሎን ብቻ የሚታሰረው ቦዲ ይቀመጥበታል። ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት አራቱም ፓራፋንጎዎች ሳይቀሩ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ፣ በሌላ መኪና ላይ ተቆርጦና ተበይዶ የሚወጣው ክፍል እዚህ በቁልፍ ይፈታል። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ፣ በመጨረሻ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ፣ ሲመረት ቆይቶ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ የቦዲ ዕቃው ዛሬም አዲስ ሆኖ ይመረታል። እዚህ አገር ያለው ዝናም የቆየ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበረ የማያውቅ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሥራው የሚጀመርበት ወቅት ከመሣሪያው እኩል ይታሰብበት። የተፋቀ ላሜራ በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ላይ ቢጫ ዝገት አውጥቶ ይገኛል፤ ፕራይመርም፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት፣ እርጥበት ባለበት ላይ ከተቀባ ከወራት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ስለዚህ መፍታቱና መፋቁ መስቀል ካለፈ በኋላ ተጀምሮ፣ ቢያንስ የሻንሲው ሥራና የቦዲው የመጀመሪያ ፕራይመር የበልግ ዝናብ ሳይመጣ እንዲያልቅ ዕቅድ ይያዝ። በቆርቆሮ የተከለለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነና ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ ይበቃል። ሁለት መኪና ያልኩት ቦዲው ከሻንሲው ሲነሣ የራሱን ቦታ ስለሚፈልግ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የብየዳ ማሽኑ ነው። በየሰፈሩ በርና መስኮት የሚበየድበት የኤሌክትሮድ ብየዳ ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አይሆንም፤ ከማያያዝ ይልቅ ይበሳዋል። በኦክስጅንና በአሴቲሊን የሚሠራው የጋዝ ብየዳ በሠለጠነ እጅ ጥሩ ቢሆንም ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚያዳርስ ሰፊ ላሜራን ያጣምማል። ለጀማሪ የሚሻለው ሽቦው ከማሽኑ ራሱ እየወጣ፣ በጋዝ እየተከለለ የሚበይደው ዓይነት ነው፤ በ0.6 ወይም በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በቤት መብራት በ220 ቮልት ይሠራል። ከዚህ ሌላ ግራይንደር፣ መሰርሰሪያ ከነፑንታው፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በርካታ መቆንጠጫ፣ ጠፍጣፋ ራስ መዶሻ፣ ክሪክ፣ አራት ጠንካራ የብረት ማቆሚያና ረጅም ሜትር ያስፈልጋል። የእሳት ማጥፊያና የአሸዋ ባልዲ ከብየዳው ማሽን ጎን ይቀመጡ።

አንድም ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ሊብሬው ይውጣ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመሃሉ ቱቦ ላይ የተመታ ሲሆን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ በግራይንደርም በሽቦ ብሩሽም አይነካም፤ በፕላስተር ተሸፍኖ ይቆይ። ዝገቱ በጨርቅና በዘይት ቀስ ብሎ ይጸዳል እንጂ አይፋቅም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የጠፋበት ሻንሲ ምንም ያህል ቢያምር መኪና ሳይሆን የብረት ክምር ነው።

ምርመራው የሚሠራው በካቻቪቴ፣ በማግኔትና በጉልበት ተንበርክኮ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ስለሚንጠባጠብበት በአብዛኛው ቀድሞ የሚበሰብሰው እርሱ ነው። ቀጥሎ ከሁለቱ በሮች ሥር፣ ከእግር መርገጫው ጀርባ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱት ሁለት የሣጥን ቅርጽ ያላቸው ቦዮች አሉ። እነዚህ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ስለሚያደርሱ የሙቀት ቦይ ልበላቸው፤ ዋና ሥራቸው ግን ሙቀቱ አይደለም፣ ቦዲውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ከውጭ ጎማ የሚረጨው ጭቃ፣ ከውስጥ እርጥብ አየር እየበላቸው ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ከዚያ የስኮርታ ጎማው ማስቀመጫ፣ የፊት ጎማዎቹ አካል የሚታሰርበት የሻንሲው ራስ፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎችና የኋላ መከላከያው የሚታሰርባቸው ማዕዘኖች በካቻቪቴው እጀታ ይንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ማግኔት የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ነው። አንድ ጊዜ ከፓራፋንጎ ጀርባ ከስቱኮ ሥር ተጠቅልሎ የተወተፈ ጋዜጣ አግኝቻለሁ፤ ቀኑ ስለሚነበብ ጥገናው መቼ እንደተሠራ ለማወቅ አላስቸገረም።

ከምርመራው በኋላ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን የእድሳቱ ዕጣ የሚወሰንበት ነው፤ መለካትና መደገፍ። በሮቹ በቦታቸው እንዳሉ በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ተለክቶ ይጻፍ። ከዚያ በሮቹ ይውለቁና በበሩ ባዶ ቦታ ውስጥ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ምሰሶ ድረስ ባለ 25 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቧንቧ በሁለት ከፍታ ይበየድ፤ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም አንድ ተሻጋሪ ይጨመር። ቧንቧዎቹ የሚበየዱት በሩ ተመልሶ ሊገጠም በሚችልበት ሁኔታ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው። በመጨረሻም ከግራ የላይኛው ማዕዘን እስከ ቀኝ የታችኛው፣ ከዚያም በተቃራኒው፣ ሰያፍ ልኬት ተወስዶ በቧንቧው ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። የመጀመሪያ ቮልሴን ሳድስ ይህን ሁሉ እንደ ትርፍ ሥራ ቆጥሬ ሁለቱንም የሙቀት ቦዮች በአንድ ቀን ቆረጥኳቸው። ቦዲው ያለ ጩኸት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ አደረ፤ በሩን መልሼ ስገጥም የላይኛው ጠርዝ ከጣሪያው ሥር ገብቶ አልንቀሳቀስ አለ። ያንን ለማቃናት የፈጀው ጊዜ መኪናውን ለመፍታት ከፈጀው በሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ሲፈታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሳት ነው። ባትሪው ይውጣ፤ ከፊት ኮፈን ሥር ያለው የቤንዚን ታንክ ይፈታና ከግቢው ራቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ነው የሚፈነዳው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የቤንዚኑ ቧንቧ በሻንሲው የመሃል ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ቱቦው አጠገብ ምንም ነገር ከመበየዱ በፊት ቧንቧው በሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ በአየር ይነፋ። የፍሬን ዘይት ማስተላለፊያዎቹ፣ የመሪው ዘንግ፣ የሙቀት መዘጊያ ገመዶች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ከግራው የፊት ጎማ የሚነሣው የፍጥነት መለኪያ ገመድ ይላቀቁ። እያንዳንዱ ሽቦ ሲላቀቅ ፎቶ ይነሣ፣ ቡሎኖቹም በየክፍላቸው በከረጢት ተደርገው ስም ይጻፍባቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውስ ሰው የለም።

የቦዲው ቡሎኖች በሁለቱም ጎን ከሥር በሙቀት ቦዮቹ ርዝመት ተሰልፈው፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ የሾክ አብዞርበሩ ማሰሪያ አጠገብ፣ እንዲሁም ከፊት የቤንዚን ታንኩ በነበረበት ቦታ ይገኛሉ። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ዘይት ይጠጡ፤ የማይፈታውን በኃይል ከመጠምዘዝ ይልቅ ራሱን ፈጭቶ ማውጣት የተያዘበትን ዳዶ ያድናል። መስታወቱ፣ በሮቹና ኮፈኖቹ የወጡለትን ቦዲ ስድስት ሰው ሆኖ ማንሳት ይቻላል። አልነሣ ካለ የተረሳ ቡሎን አለ ማለት ነውና ሰው ከመጨመር በፊት ከሥር ይታይ። ቦዲው ሲወርድ በአሮጌ ጎማ ላይ ሳይሆን ደረጃቸው እኩል በሆነ የእንጨት ማቆሚያዎች ላይ ይረፍ።

ሻንሲው በአራቱ ማቆሚያዎች ላይ ተቀምጦ፣ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ከአራቱም ማዕዘን እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከል። ከዚያ ከፊት ራሱ ቡሎኖች እስከ ኋላ ክንዶቹ ድረስ ሰያፍ ለሰያፍ ይለካ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል፤ ይህን በግቢ ውስጥ ለማቃናት መሞከር አይመከርም። የሻንሲው ራስ ከሥሩ ከበሰበሰም እንዲሁ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ የሚወሰነው በእርሱ ስለሆነ ልምድ ያለው ባትላሜራ (የቦዲ ጠጋኝ) መያዣ ሠርቶ ቢለውጠው ይሻላል። በራሴ እጅ ሁሉንም ልሥራ የሚለው ስሜት እዚህ ላይ ቢገታ ሰው ያድናል።

ወለሉ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። አሮጌው ወለል ከቱቦው ጋር የተያያዘባቸው ትናንሽ ክብ የብየዳ ነጥቦች በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ የላይኛው ላሜራ ብቻ እስኪበሳ ይሰርሰሩና በስስ መሮ ይላቀቁ፤ ቱቦው ግርጌ ያለው ጠርዝ መጎዳት የለበትም፣ አዲሱ ወለል የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይቆረጥ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግማሽ ወለል ማግኘት ካልተቻለ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ገዝቶ ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም እንደ መጀመሪያው ወለል ሸንተረር ካልወጣለት እንደ ከበሮ ይጮሃል። የወንበሩ ሐዲድ በአዲሱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከአሮጌው በትክክል ተለክቶ ይወሰድ፣ ብየዳውም ለሌላው ከሚደረገው በላይ ይጠንክር፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚይዘው እርሱ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለመጣፊያ ፈጽሞ አይሆንም፤ ስስ ከመሆኑም በላይ ሽፋኑ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምማል።

አዲሱ ወለል በመቆንጠጫ ተይዞ፣ በየአራት ሳንቲ ሜትሩ በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ ይበየድ። አንዱ ቀዳዳ ከተሞላ በኋላ ቀጣዩ አጠገቡ ያለው ሳይሆን ራቅ ያለው ይሁን፤ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ላሜራው ይንጋደዳል። ከብየዳው በፊት በሚደራረቡት ሁለት ገጾች መካከል ዚንክ ያለበት፣ ብየዳ የሚያሳልፍ ፕራይመር ይቀባ፤ ከዚያ በኋላ እጅ የማይደርስበት ብቸኛው ቦታ ያ ነው። ሲያልቅ ሻንሲው በሙሉ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረው ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት ማጥፊያ ይታከም፣ በውሃ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅና ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። በአሸዋ ማስነፋት ለሻንሲው ጥሩ ነው፤ ለጣሪያና ለኮፈን ግን አይፈቀድም፣ ሰፊ ላሜራን ያወዛውዘዋል።

አሁን ወደ ሙቀት ቦዮቹ እንመለስ። አዲሱ ቦይ የሚገጠመው ቦዲው ታድሶ ባለቀው ሻንሲ ላይ ተመልሶ፣ በቡሎን ሳይጠብቅ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ሻንሲው ቀጥ ያለ ከሆነ የቦዩ ትክክለኛ ቦታ የቡሎኑ ቀዳዳ ራሱ ይነግራል። አንዱ ጎን ተቆርጦ አዲሱ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ከተያዘ በኋላ በሩ ይንጠልጠል። ክፍተቱ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እኩል ካልወጣ ነጥቦቹ ተቆርጠው ቦዩ ይንቀሳቀስ፤ ይህ አራት አምስት ጊዜ ቢደጋገም አይገርምም። በሩ በሁለት ጣት ተገፍቶ ሲዘጋ ብቻ ሙሉው ብየዳ ይቀጥል፣ ያኔም ቢሆን በየመሃሉ በሩ እየተዘጋ ይፈተሽ። ሌላኛው ጎን ከዚህ በፊት አይነካም። የድጋፍ ቧንቧዎቹ የሚቆረጡት ሁለቱም ቦዮች ካለቁ በኋላ ነው።

ለተበላሹ ፓራፋንጎዎች መፍትሔው ብዙ ጊዜ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ከቆየ መኪና ላይ የተፈታ ኦሪጅናል ፓራፋንጎ፣ ጥቂት ቢጎረብጥም፣ ርካሽ ከሆነው አዲስ ይልቅ በቀዳዳዎቹ ላይ ይገጥማል፤ ማግኔቱን ይዞ መሄድና የፋናውን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ በየዘመኑ ቅርጹ ይለያያልና። ጉድጓድ ሲቃና ከመሃሉ መምታት ስሕተት ነው። ላሜራው ሲጎዳ መጨረሻ ላይ የታጠፈው ጠርዙ ስለሆነ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሃል ይሄዳል፤ ከኋላ ድፍን ብረት ተይዞ ከፊት በቀላሉ በብዛት ይመታል። ስቱኮ የሚመጣው ከመዶሻው በኋላ፣ በኤፖክሲ ፕራይመር ላይ ነው፤ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥ።

ማለስለሱ በእጅ ጣት ሳይሆን በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ይሠራ፤ የቮልስ ቦዲ ሁሉም ጎኑ ጎባጣ ስለሆነ እንጨቱ ወደ ሰያፍ ይሂድ። በ80 ቁጥር ተጀምሮ በ180 ይቀጥላል፤ ከመሙያው ፕራይመር በኋላ ጥቁር ቀለም በስሱ ይረጭበትና በ400 በውሃ ይፈተግ። ጥቁሩ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ቀለሙ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ስለሚጎዳ ተራ የአቧራ ጭምብል አይበቃም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚቀበል ጭምብል ከሌለ ማቅለሙ ብቻ ለቀለም ቤት ይሰጥ። በዚህ አያፍሩ፤ ዋናው ሥራ ተሠርቷል። የሊብሬው ቀለምና የመኪናው ቀለም የሚለያይ ከሆነም ለመዝጋቢው ክፍል አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

ቦዲው ለመጨረሻ ጊዜ ከመውረዱ በፊት በሻንሲው ጠርዝ ዙሪያውን አዲሱ የጎማ ማሸጊያ ይቀመጥ፤ በእርሱ ፋንታ ሙጫ ወይም ሬንጅ መሙላት ቀጣዩን ዝገት መጋበዝ ነው። ቡሎኖቹ ክራቸው ግራሶ ተቀብቶ ሁሉም በእጅ ይግቡ፤ አንዱም ሳይቀር ከገባ በኋላ ከመሃል ወደ ጫፍ በየተራ ይጠበቁ። የኤሌክትሪኩ መሬት በሚታሰርባቸው ቦታዎች ቀለሙ እስከ ብረቱ ይፋቅ። ቀለሙ ከደረቀ ከሳምንታት በኋላ በቦዮቹና በበሮቹ ሆድ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም ይረጭ፤ ብዙዎች የሚጠቀሙበት የተቃጠለ ዘይት ጎማዎቹን ስለሚያበላሽ አልመርጠውም። በበሩ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸው በሽቦ ይረጋገጥ።

መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ማሸጊያው ስለሚረግብ የቦዲው ቡሎኖች በሙሉ እንደገና ይጠበቁ። ከዚያም መስኮቶቹ ሁሉ ይዘጉና በሩ ይሞከር። አየሩ መልሶ ከገፋው፣ ቀኝ በኩል ያለውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፍተው ይዝጉት።